የባላጋራዬ ጠበቃ በቀጥታ ሊያነጋግረኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከወንድሙ ጋር በመኖሪያ ቤታችን ክርክር ገጥመናል። እሱ ከሰሰ፤ እኔም ጠበቃ አቁሜ መልስ ሰጠሁ። ጠበቃዬ ባሕር ዳር ነው ያለው፤ ለቀጠሮ እየመጣ ነው የሚከራከርልኝ። ሰሞኑን የወንድምየው ጠበቃ በስልኬ ደወለልኝ። "እህቴ፣ ጠበቃሽ ቀጠሮ እያራዘመ ገንዘብሽን ይበላል እንጂ አይጠቅምሽም። ቡሬ ብቅ በይና ቡና እየጠጣን እንጨርሰው። ወረቀቱን አዘጋጅቼዋለሁ" አለኝ። እናቴ ዘንድም ሄዶ ነበር። እሷ ምስክሬ ናት። ሱፍ ለብሶ ፋይል ይዞ ስታየው ከፍርድ ቤት የመጣ መስሏት የምታውቀውን ሁሉ ነገረችው። አሁን ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው ይባላል። ጠበቃው እንዲህ ማድረግ ይፈቀድለታል? ከወንድምየው ጋር እኔ ራሴ ብነጋገርስ ጥፋት ነው? እውነቱን ለመናገር ነገሩ ስለሰለቸኝ ቡሬ ልሄድ አስቤ ነበር።»

መልስ፦

እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። ቡሬ አይሂዱ። ምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ዛሬውኑ ለጠበቃዎ ደውለው የስልኩንም የእናትዎንም ነገር ይንገሩት። ሰውየው ድጋሚ ከደወለ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጠበቃ አለኝ፤ ያለዎትን ለእሱ ይንገሩት።» ከዚያ ስልኩን ይዝጉ። ጨዋነት ያጎደልኩ ይሆን ብለው አይጨነቁ። ይህን ንግግር መጀመር ያልነበረበት እሱ ነው።

ያነሷቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው፤ ለእርስዎ መደወሉ፣ እናትዎን ማነጋገሩና የሽማግሌው ነገር። ብዙ ሰው ሦስቱንም አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። መልሳቸው ግን ይለያያል።

ከሁሉም የሚከፋው ስልኩ ነው። በጥብቅና ሙያ በብዙ አገር የታወቀ መርህ አለ። ጠበቃ በያዘው ጉዳይ ሌላ ጠበቃ ያቆመን ሰው፣ ስለዚያው ጉዳይ፣ ከጠበቃው ጀርባ ማነጋገር የለበትም። የሚችለው ያ ጠበቃ ሲፈቅድ፣ ወይም ሕግ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድለት ነው። ይህን በደንብ አብራርተው ከጻፉት አንዱ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው የሥነ ምግባር ሞዴል ደንብ፣ ቁጥር 4.2 ላይ ይገኛል። ያ ደንብ ፍኖተ ሰላም ላይ አይሠራም። የምጠቅሰው በተግባር የሚነሱትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ስለፈታቸው ነው። በእኛ አገር የፌዴራል ጠበቆች በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይተዳደራሉ። ከዚያ በፊትም ቁጥር 57/1992 የሆነ የሥነ ምግባር ደንብ ወጥቶላቸው ነበር። በክልል ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ ደግሞ ፈቃዱን የሚያገኘው ከክልሉ ነው። ጥፋት ሲሠራም የሚጠየቀው ፈቃድ በሰጠው አካል ዘንድ ነው።

«ጠበቃ እንዳላት አላውቅም ነበር» ሊል ይችላል? በእርስዎ ጉዳይ አይችልም። የጠበቃዎ ውክልና ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። የመከላከያ መልስዎ ሲደርሰው ከግርጌው የጠበቃዎን ስምና ፊርማ አይቷል። ችሎትም ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከዚህም በላይ በስልክ የነገረዎት ስለጠበቃዎ ነው። ጠበቃ እንዳለዎት አውቆ ነው የደወለው።

አሁን ብዙ ባለጉዳይ የማያውቀውን ልንገርዎ። የዚህ ክልከላ ፈቃድ በእርስዎ እጅ አይደለም። እርስዎ «ግድ የለም፣ እናውራ» ቢሉትም ሥነ ምግባሩ አይፈቅድለትም። እርስዎ ራስዎ ቀድመው ቢደውሉለት እንኳ፣ ጠበቃ እንዳለዎት እንዳወቀ ንግግሩን ማቆም አለበት። የአሜሪካው ደንብ ማብራሪያ ይህን በግልጽ ይላል። ለአንዳንድ ሰው ይህ ነገር እንደ ንቀት ይቆጠራል። «እኔ ሕፃን ነኝ? ከማን ጋር እንደማወራ እኔ አላውቅም?» ይላሉ። ቁጣው ይገባኛል። ግን ቡሬ ላይ ያን ጠረጴዛ ከበው የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ያስቡት። አንደኛው ወገን መዝገቡን ያጠና፣ የትኛው ቃል የትኛውን መብት እንደሚያስቀር የሚያውቅ፣ የሚከፈለውም የባላጋራዎን ጥቅም እንዲያስከብር የሆነ ባለሙያ ነው። ሌላኛዋ ባሏን የቀበረች፣ በቀጠሮ ብዛት የደከመች ሴት ናት። እርስዎ ጠበቃ ያቆሙት ይህን የመሰለ ጨዋታ ላይ ብቻዎን እንዳይቀመጡ ነው። ክልከላው የጠበቃዎን እንጀራ ለማስከበር የወጣ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚያስከብረው እርስዎን ነው።

ሌላው ጉዳት የምስጢር ነው። በሻይ ቤት ጨዋታ መሐል «ባለቤቴ እኮ ያን ጊዜ ከወንድሙ ገንዘብ ተበድሮ ነበር» ብለው ቢያመልጥዎ፣ ነገ ያ ቃል የክርክር ነጥብ ሆኖ ይቀርባል። ለጠበቃዎ ቢነግሩት ግን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። ለባላጋራዎ ጠበቃ በነገሩት ነገር ግን እርስዎን የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። እንዲያውም ለደንበኛው ሊነግርለት ይገባል።

«ጠበቃሽ ገንዘብሽን ይበላል» ያለዎትን ነገር ቀላል አድርገው አይዩት። ጠበቃ የሌለውን ሰው ሲያነጋግር እንኳ፣ ጥቅሙ ከደንበኛው ጥቅም ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ «ጠበቃ ያማክሩ» ከማለት በቀር የሕግ ምክር መስጠት የለበትም። እሱ ግን ጠበቃ ላላት ሴት ምክር ሰጠ፤ ምክሩም «ጠበቃሽን ተዪው» የሚል ነው። በእኔ ግምት ከስልኩ ሁሉ ከባዱ ጥፋት ይህ ነው። በደንበኛና በጠበቃ መካከል ጥርጣሬ መዝራት ነው።

ያም ሆኖ ጥርጣሬው በልብዎ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጠበቃዎ በእርግጥ እያጓተተ ከሆነስ? ይህን የሚያጣሩበት ቀና መንገድ አለ። ቀጠሮ የሚሰጠው ዳኛው ነው፤ ምክንያቱም በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። ጉዳዩ የእርስዎ ስለሆነ መዝገብ ቤት ሄደው መዝገቡን ማየት ይችላሉ። የተቀጠረው ምስክር ባለመቅረቡ ነው? መጥሪያ ሳይደርስ ቀርቶ ነው? ወይስ ጠበቃዎ ራሱ ጠይቆ? እዚያው ተጽፎ ያገኙታል። ከዚያ ጠበቃዎን ፊት ለፊት ይጠይቁት። መልሱ ካላረካዎ ሌላ ጠበቃ፣ በጉዳዩ እጁ የሌለበት፣ ሊያማክሩ ይችላሉ። ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ያም ጠበቃ እርስዎን በማማከሩ አያጠፋም። ጠበቃ መቀየርም ይችላሉ። ብቻ ይህን ምክር ከባላጋራዎ ጠበቃ አይቀበሉ።

«ጠበቃዬ ለራሱ ጥቅም ሲል ዕርቁን ያፈርስብኝ ይሆን?» ብለው ሰግተው ከሆነም ልቦናዎን ያሳርፉ። መታረቅ ወይም አለመታረቅ የእርስዎ ውሳኔ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ወኪል ያለ ልዩ ውክልና ዕርቅ ማድረግ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ የውክልና ወረቀትዎን አውጥተው ያንብቡት። ብዙ ውክልናዎች ላይ «ለመታረቅ» የሚል ቃል ይገባል፤ ባለጉዳዩ ሳያስተውለው ይፈርማል። እንዲህ ያለ ቃል ካለበትም «ሳልሰማ ዕርቅ አትፈርም» ብለው ለጠበቃዎ በግልጽ ይንገሩት። በሌላ በኩል ደግሞ ከዚያኛው ወገን የዕርቅ ሐሳብ ሲመጣ ለእርስዎ ማድረስ የጠበቃዎ ግዴታ ነው። ሰውየው የሚረባ ሐሳብ ካለው ለጠበቃዎ አንድ ደብዳቤ ቢጽፍ ይበቃ ነበር። ያን መንገድ ትቶ ለምን ወደ እርስዎ እንደዞረ ራስዎን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ። «ጠበቃው አጥፍቶ ስለሆነ ብፈርምም ወረቀቱ አይጸናም» የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። የሥነ ምግባር ጥሰት ጠበቃውን ያስጠይቀዋል። የእርስዎን ፊርማ ግን በራሱ አያፈርሰውም። የዕርቅ ስምምነት ውል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ተደንግጓል። አንቀጽ 3312ን ልብ ይበሉ፤ ዕርቅ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «መብቴን በትክክል ሳላውቅ ነው የፈረምኩት» ማለትም አያስፈርሰውም። ተታለልኩ ወይም ተገደድኩ ካሉ በአንቀጽ 1704 እና 1706 መሠረት ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። አንቀጽ 1810 ደግሞ የሁለት ዓመት ገደብ ያስቀምጣል፤ የሚቆጠረውም ለማፍረስ ምክንያት የሆነው ነገር ከተወገደ በኋላ ነው። ያኔ አንድ ክርክር ይዘው የነበሩት ሁለት ይሆንብዎታል። ቡሬ አይሂዱ ብዬ አጥብቄ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ቡናው የቡሬም ይሁን የፍኖተ ሰላም ለውጥ የለውም። ችግሩ አስቀድሞ የተዘጋጀው ወረቀት ነው።

ስለ እናትዎ ልቀጥል። እዚህ ላይ መልሴ እርስዎ የሚጠብቁት ላይሆን ይችላል። የባላጋራ ጠበቃ ምስክርን ማነጋገሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ምስክር የማንም ንብረት አይደለም። «የእኔ ምስክር» እንላለን እንጂ ምስክር የሚመሰክረው ለእውነቱ ነው። እናትዎ ማን እንደሆኑና የት እንደሚኖሩ ያወቀውም ሰልሎ አይመስለኝም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 223 መሠረት የምስክሮች ስምና አድራሻ ከነጭብጡ በዝርዝር ይያያዛል። የማስረጃ ዝርዝርዎ ለዚያኛው ወገን ሲደርስ የእናትዎም ስም አብሮ ደርሶታል።

ጥያቄው እንዴት አነጋገራቸው የሚለው ነው። ጠበቃ የሌለውን ሰው የሚያነጋግር ጠበቃ ማን እንደሆነና ለማን እንደቆመ መደበቅ የለበትም። ገለልተኛ መስሎ መታየትም የለበትም። የአሜሪካው ደንብ ቁጥር 4.3 አንድ እርምጃ ይጨምራል። ሰውየው በስሕተት ሌላ ነገር ካሰበ፣ ጠበቃው ያን ስሕተት ማረም አለበት። ይህች አንቀጽ ለእኛ አካባቢ የተጻፈች ያህል ትሆንብኛለች። በገጠር ቀበሌዎቻችን ሱፍ ለብሶ ፋይል ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ የመንግሥት ሰው ነው። ወንበር ይወጣለታል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ የጠየቀው ሁሉ ይነገረዋል። «ከፍርድ ቤት ነው የመጣሁት» ብሎ መዋሸት አያስፈልገውም። ዝም ማለቱ ይበቃዋል። እናትዎ «ዳኛው ልኮህ ነው?» ዓይነት ነገር ተናግረው እሱ ዝም ብሎ ከሆነ፣ ዝምታው ጥፋት ነው። ስለዚህ እናትዎን በእርጋታ ይጠይቋቸው። ሲገባ ምን አለ? የማን ጠበቃ እንደሆነ ተናግሯል? ማን ነው የላከኝ አለ? የሚመልሱትን በራሳቸው ቃል ይጻፉት፤ እርስዎ አያሳምሩት።

ሦስት ነገር ግን በጭራሽ አይፈቀድም። ለምስክርነቱ ዋጋ ገንዘብ መስጠት ወይም ቃል መግባት፣ ማስፈራራት፣ እንዲሁም «ቀጠሮው ቀን አይቅረቡ» ብሎ ማስቀረት። ከእነዚህ አንዱ ከተደረገ ነገሩ ከሥነ ምግባር አልፎ ወደ ወንጀል ሊሄድ ስለሚችል ለጠበቃዎ ሳይውል ሳያድር ይንገሩ። የጣት አሻራ አስደርጓቸው ከሆነም እንዲሁ። እናትዎ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ይጠብቃቸዋል። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው አሻራ ውል ላይ የሚያስገድደው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው።

ለወደፊቱ እናትዎ ከእሱ ጋር የማውራት ግዴታ የለባቸውም። «የማውቀውን ለዳኛ እናገራለሁ» ማለት ይችላሉ። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሳቸው ግን መቅረብ አለባቸው። እርስዎም «እንዲህ በይ፣ እንዲህ አትበይ» እያሉ አያስጠኗቸው። የእናት ምስክርነት ገና ሲጀመር በጥርጣሬ ነው የሚታይ፤ የተጠና መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ጨርሶ ዋጋ ያጣል።

ሽማግሌው ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይለሰልሳል። ተከራካሪዎች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ የሚከለክል ነገር የለም። ክልከላው በጠበቆች ላይ ነው። የባለቤትዎ ወንድም የልጆችዎ አጎት ነው። በለቅሶም በሠርግም ትገናኛላችሁ። መነጋገር፣ መታረቅም ትችላላችሁ፤ ለጠበቃዎ አስቀድሞ መንገር ብልህነት እንጂ ግዴታ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ ሲመጣ ደጅ ዘግቶ መመለስ ነውር እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎም። እኔም ይህ ወግ እንዲቀር አልመኝም። ከብዙ ፍርድ የተሻለ ዕርቅ በሽማግሌ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ፍርድ ቤት ቤቱን ያካፍላል እንጂ ዘመድነቱን አይመልስም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጠበቃ በራሱ ማድረግ የማይፈቀድለትን ነገር በሌላ ሰው እጅ ማስደረግም አይፈቀድለትም። ሽማግሌው በወንድምየው ፈቃድ መጥቶ «ልጆቼ፣ ታረቁ» ቢል ሽምግልና ነው። ያው ሽማግሌ ግን ቡሬ ላይ ሊፈረም የነበረውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ቢል፣ ጠበቃው በሽማግሌ አፍ እየተናገረ ነው። መስመሩ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይታይም። ጠበቃ ደንበኛውን «ሄደህ ተነጋገር» ብሎ ቢመክር ችግር የለውም። ንግግሩን ቃል በቃል ጽፎ፣ ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ አስፈርመህ ና ብሎ ሲልክ ግን ሌላ ነው። አሜሪካኖችም እዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ማኅበራቸው ባወጣው አስተያየት ለጠበቃው ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተውታል፤ ያም ሆኖ ሌላኛው ወገን ጠበቃውን ሳያማክር ወደ ፊርማ እንዲቻኮል መግፋት እንደማይገባ አሳስበዋል። እኔ ለገጠር ባለጉዳይ ጠበቅ ያለው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ሽማግሌ ፊት «እምቢ» ማለት ለእርስዎ ከባድ እንደሆነ ጠበቃው አሳምሮ ያውቃልና።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹን በክብር ይቀበሏቸው። ያዳምጡ። የሚፈልጉትን ይናገሩ። ቤቱ ለማን እንደሚሆን፣ ስንት ብር እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚከፈል በቃል ተወያዩ። የሚጻፍ ነገር ሲመጣ ግን «አባቶቼ፣ ቃላችሁን አከብራለሁ፤ ወረቀቱን ግን ጠበቃዬ አይቶት ይመለስ» ይበሉ። ማንም ጨዋ ሽማግሌ በዚህ አይቀየምም። ስምምነቱ ካማራችሁ ደግሞ ክርክሩን ለያዘው ፍርድ ቤት ይቅረብ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን አይቶ ይመዘግበዋል። በሻይ ቤት ከተፈረመ ወረቀት በችሎት የተመዘገበ ዕርቅ ለሁለታችሁም ይበጃል።

ጠበቃ ሳያቆሙ የሚከራከሩ አንባቢዎችም ይህን ያነቡ ይሆናልና አንድ ነገር ልጨምር። ጠበቃ የሌለውን ሰው የባላጋራ ጠበቃ ማነጋገር ይችላል፤ ሊደራደርም ይችላል። በመኪና አደጋ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ዘንድ የኢንሹራንስ ጠበቃ ሲመጣ የሚሆነው ይህ ነው። ሰውየው ትሑት ሊሆን ይችላል፣ ለቅሶም ሊደርስ ይችላል። የቆመው ግን ለኢንሹራንሱ ነው። አቅም ከሌላችሁ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ለአንድ ሰው አሳዩ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በዚህ ጠበቃ ላይ አቤቱታ ማቅረብ መብትዎ ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን የእኔ ምክር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠበቃዎ ለሥራ ባልደረባው በጽሑፍ ያሳውቀው፤ «ደንበኛዬን ከዚህ በኋላ በቀጥታ እንዳታነጋግር» ብሎ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ካልቆመ፣ ወይም እናትዎ ዘንድ የተደረገው ማታለል ሆኖ ከተገኘ፣ ፈቃዱን ለሰጠው አካል በጽሑፍ ያመልክቱ። የክልል ፈቃድ ከሆነ የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። ማመልከቻውን ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ሊጽፉልዎ ይችላሉ፤ ይዘቱን ግን ጠበቃዎ ያርመው። የደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የደወለበትን ቁጥር፣ ያለዎትን ቃል ዛሬ ትኩስ እያለ ይጻፉት። በስልክዎ ላይ ያለውን የጥሪ ዝርዝር አያጥፉ፤ መልእክት ልኮልዎ ከሆነም እንዳለ ያቆዩት። ሲደውል አጠገብዎ የነበረ ሰው ካለ ስሙን ያስፍሩ። በማመልከቻው ውስጥ ሰውየውን አይሳደቡ፣ የሆነውን ብቻ ይንገሩ። እስከዚያው የሚቀጥለው ቀጠሮ አይለፍዎ፤ ጠበቃዎ ቢኖርም እርስዎም ይገኙ።